ወደ ኋላ ያልዞረው አብራሪ ምን አጠፋ?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንደኛው ወዳጄ «አንተ የአውሮፕላን ነገር ትወዳለህ፣ እውነቱን ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። በአንድ መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ይኸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩ።

ጽሑፉ የሚያወራው አንዲት ባለ አንድ ሞተር የግል አውሮፕላን ስትነሳ ስለደረሰባት አደጋ ነው። አውሮፕላኗ መሬት ለቃ መቶ ሜትር ያህል እንደወጣች ሞተሯ ጸጥ አለ። አብራሪው ቀጥ ብሎ ሄዶ ከመንደርደሪያው ማዶ ያለ እርሻ ላይ አሳረፋት። አንድ ክንፏ ተገነጠለ፣ አፍንጫዋ ተጨፈለቀ። አብራሪውና አብሮት የነበረው ሰው ቆስለው ወጡ።

ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ብዙ ነገር ይላሉ። አብራሪው ወደ መንደርደሪያው መመለስ እየቻለ ደንግጦ ቀረ፤ በሬዲዮ እንኳ አልተጣራም። ሞተሩ «ስቶል» አድርጎ ነው የጠፋው። ቀኑ ብራ ስለነበር የአየሩ ጠባይ ከነገሩ ውስጥ የለበትም። ዋናው ችግር የአውሮፕላኗ እርጅና ነው። ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ሰው ማሳፈር የለበትም፤ ካልሆነም ሁሉም ፓራሹት ይገጠምለት። የምርመራው መጓተት ደግሞ ጥፋት ለመሸፈን ነው። ያልጨመርኩት፣ ያልቀነስኩትም ይመስለኛል።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ለተጎዱት ያዘኑት ከልባቸው እንደሆነ ግን ያስታውቃል። የሥጋታቸው መነሻም ልክ ነው። ትንንሽ የግል አውሮፕላኖች እንደ ትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች አስተማማኝ አይደሉም። በአሜሪካ ከአየር መንገዶች ውጪ በሚደረጉ በረራዎች ሰው የሚሞትበት አደጋ በየ100,000 የበረራ ሰዓት ወደ አንድ ይጠጋል። የአየር መንገዶቹ ከዚህ ጋር ለንጽጽርም አይቀርብም። ስለዚህ «ምንም ችግር የለም» የሚል ክርክር ከእኔ አትጠብቁ። እኔ የማልስማማው ችግሩ የቱ ጋ ነው በሚለው ላይ ነው።

ከከባዱ ልጀምር። መንደርደሪያው እዚያው ከኋላው ነበር፣ ለምን አልዞረም?

ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ነው። መኪና የሚነዳ ሰው መንገድ ሲዘጋበት አዙሮ ይመለሳል። አውሮፕላን ግን ለመዞር ሰፊ ቦታና ከፍታ ይበላል። በ70 ኖት፣ ማለትም በሰዓት በ130 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የምትንሳፈፍ አውሮፕላን 30 ዲግሪ አጋድላ ብትዞር ፊቷን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ስትመልስ ከመንደርደሪያው መስመር 450 ሜትር ያህል ወደ ጎን ወጥታለች። ፊቷ ወደ መንደርደሪያው አቅጣጫ ነው፤ ከሥሯ ያለው ግን መንደርደሪያው አይደለም። መስመሩ ላይ ለመግባት መዞሯን መቀጠል፣ ከዚያ መልሳ ወደ ሌላው ጎን መዞር አለባት። ይህ ሁሉ ሲሆን ሞተር የለም። በየሰከንዱ አራት አምስት ሜትር እየወረደች ነው። ሂሳቡን እናንተው ሥሩት። መቶ ሜትር ከፍታ ስንት ሰከንድ ይሰጣል?

«እንግዲያው ጠበቅ አድርጎ ይዙር» የሚል ይኖራል። ገዳዩ እዚህ ጋ ነው። አውሮፕላን ባጋደለ ቁጥር ክንፉ የሚሸከመው ክብደት ይጨምራል። 45 ዲግሪ ሲያጋድል ክንፉ መሸከም የሚያቆምበት ፍጥነት በ19 በመቶ ከፍ ይላል፤ በ60 ዲግሪ ደግሞ በ41 በመቶ። ቅድም ቀጥ ብሎ ሲሄድ በቂ የነበረው ፍጥነት አሁን አይበቃም። አብራሪው መሬት ሲቀርብበት መሪውን ወደ ራሱ ይስባል። ማንም ሰው ይስባል፣ ደመ ነፍስ ነው። ያን ጊዜ አንዱ ክንፍ ቀድሞ ይከዳል፣ አውሮፕላኗም ተገልብጣ በአፍንጫዋ ትወርዳለች። ከዚያ ከፍታ ላይ ይህን ለማረም ጊዜ የለም።

ንፋሱንም አንርሳ። አውሮፕላን የሚነሳው ንፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነው። ዞሮ ሲመለስ ያው ንፋስ ከኋላ ይገፋዋል። መንደርደሪያው ላይ ቢደርስ እንኳ ፈጥኖ ነው የሚደርሰው፤ አስፋልቱም በዚያው ልክ ያጥርበታል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ስልጠና ላይ ሳለሁ አንድ ቀን አሰልጣኜ 3,000 ጫማ ላይ ወሰዱኝ። «ይሄ ከፍታ መሬት ነው እንበል» አሉ። እንደ መነሳት አፍንጫዋን ቀና አድርጌ መውጣት ጀመርኩ። ጥቂት እንደወጣን ሳይነግሩኝ ጋዙን ጥርቅም አድርገው ዘጉት። ምን አደረግኩ? ምንም። ዞር ብዬ እሳቸውን አየኋቸው። የሚመጣብኝ ነገር እንዳለ እያወቅኩ፣ ስለዚያ ስናወራ አርፍደን፣ አፌን ከፍቼ አየኋቸው። የፍጥነት መለኪያው ቀስት ሲወርድ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። አፍንጫዋን ደፍቼ፣ አጋድዬ፣ ዞሬ ስጨርስ የከፍታ መለኪያው 2,700 ያሳያል። ሞተሩ የተዘጋው 3,400 ላይ ነበር። 700 ጫማ ጠፋ። ከ200 ሜትር በላይ ማለት ነው። አሰልጣኜ መለኪያውን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው «ስንት ጫማ መሬት ውስጥ ገባህ?» አሉኝ። ሦስት መቶ።

እንግዲህ ጸሐፊው ደንግጦ ቀረ ያሉት ሰው መቶ ሜትር ላይ ነበር። ቀጥ ብሎ ሄደ። እርሻው ደስ የሚል ማረፊያ ላይሆን ይችላል። ግን ክንፎቿን አስተካክላ፣ በቁጥጥር ሥር ሆና መሬት የምትነካ አውሮፕላን የምትጋጨው በዝቅተኛ ፍጥነት ነው። አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነገር በስበት ኃይል ዘጠኝ እጥፍ ጫና ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ሦስት ሜትር አይሞላም። በቀበቶ የታሰረ ሰው ይህን ጫና ለቅጽበት ይችለዋል። ክንፉ ይገንጠል፣ አፍንጫው ይጨፍለቅ፤ ያ ብረት ግጭቱን እየበላ ነው። ጸሐፊው የአውሮፕላኗን ስብርባሪ ፎቶ እንደ ማስረጃ ለጥፈዋል። እኔም ያንኑ ፎቶ ነው ማስረጃ የማቀርበው። መቀመጫዎቹን እዩዋቸው፤ እንዳሉ ናቸው። ሁለቱም ሰዎች በእግራቸው ነው የወጡት።

መዞር ሁልጊዜ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። ከፍታው በቂ ከሆነ፣ ለምሳሌ 1,000 ጫማ ከታለፈ፣ አብራሪውም በዚያችው አውሮፕላን ደጋግሞ ተለማምዶት ከሆነ፣ መመለስ ይቻል ይሆናል። ብዙ አብራሪዎች ከመነሳታቸው በፊት «ከዚህ ከፍታ በታች ወደ ፊት፣ ከዚያ በላይ መመለስን አስባለሁ» ብለው ቁጥር ይወስናሉ። ቁጥሩ ግን መሬት ላይ ነው የሚወሰነው።

በሬዲዮ አልተጣራም ለተባለው፣ አብራሪ ሲሰለጥን የሚነገረው ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ አብርር፣ ቀጥሎ አቅጣጫህን ያዝ፣ ከዚያ በኋላ ተናገር። በሬዲዮ ያለው ሰው ሞተር አያስነሳለትም።

«ሞተሩ ስቶል አደረገ» የሚለውን ቶሎ ልለፈው። ቃሉ በመኪና ለሞተር ስለሚባል የብዙ ሰው ስህተት ነው። በአውሮፕላን ስቶል የሚያደርገው ክንፍ ነው፤ ሞተር አይደለም። በሚሄድ መኪና መስኮት እጃችሁን ዘርጉ። መዳፋችሁን ትንሽ ቀና ብታደርጉት ንፋሱ ያነሳዋል። በጣም ብታቆሙት ግን ማንሳቱን ትቶ ወደ ኋላ ይገፋችኋል። ስቶል ማለት ያ ነው። ሞተሩ እያገሳም ይሆናል። ይህን የማነሳው ለቃላት ስንጠቃ አይደለም። ጸሐፊው ስቶልን የሞተር ችግር ስላደረጉት ነው መዞርን እንደ መፍትሔ ያዩት። ስቶል የክንፍ ጉዳይ መሆኑን ያወቀ ሰው አጥብቆ መዞር ወደ ምን እንደሚወስድ ያውቃል።

ብራ ቀን ነበር፣ ስለዚህ አየሩ አያገባውም ወደተባለው ልሂድ። ደመና የሌለበት፣ ፀሐይ ያናጠጠችበት ከሰዓት ለትንሽ አውሮፕላን ከባድ ከሚባሉት ሰዓቶች አንዱ ነው። ሙቀት አየሩን ያሳሳዋል። አየር ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት ያንሳል፣ ፕሮፔለሩ የሚጎትተው ያንሳል፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሳል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ። 5,000 ጫማ (ወደ 1,500 ሜትር) ከፍታ ላይ ያለ መንደርደሪያ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ አውሮፕላኗ የሚሰማት 8,000 ጫማ ላይ እንዳለች ነው። እዚያ ላይ ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን አጥቷል። ከኋላ የሚነፍስ ትንሽ ንፋስ ቢጨመርበትስ? ከመነሻ ፍጥነቷ አንድ አሥረኛ የሚሆን የኋላ ንፋስ የመንደርደሪያ ርቀቱን በ20 በመቶ ገደማ ያስረዝመዋል። ይህን ሁሉ ሰማይ አይቶ ማወቅ አይቻልም። ሠንጠረዥ ከፍቶ ማስላት ነው።

አየር፣ ክብደትና ከፍታ ሲደራረቡ ምን እንደሚሆን ሚያዝያ 1996 እ.ኤ.አ. ቼየን፣ ዋዮሚንግ ላይ ታይቷል። የ7 ዓመቷ ጄሲካ ዱብሮፍ አሜሪካን በአውሮፕላን አቋርጣለሁ ብላ ከአባቷና ከአሰልጣኟ ጋር ተነሳች። የአውሮፕላን ማረፊያው ከባህር ወለል በላይ ወደ 1,880 ሜትር ነው። አውሮፕላኗ ከተፈቀደላት ክብደት በላይ ጭናለች። ዝናብና ነጎድጓድ እየመጣ ነበር፣ ፕሮግራም ግን ተይዟል፣ ካሜራ እየጠበቀ ነው። ተነስተው ብዙም ሳይርቁ ክንፉ ከዳ፤ ሦስቱም ሞቱ። ሞተሩ አልጠፋም ነበር። መርማሪዎቹ ያስቀመጡት ምክንያት የአሰልጣኙ ውሳኔ ነው፤ በዚያ አየር፣ በዚያ ክብደት፣ ባልለመደው ከፍታ ለመነሳት መወሰኑ።

እርጅናውስ? እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ብረት ይደክማል፣ ይዝጋል፣ የነዳጅ ቱቦ ይሰነጠቃል። ነገር ግን አውሮፕላን እንደ አሮጌ መኪና ጥግ ላይ ቆሞ ከርሞ በአንድ ጠዋት የሚነሳ ነገር አይደለም፤ ቢያንስ መሆን የለበትም። በየዓመቱ ተፈታትቶ ይታያል። ብዙዎቹ ሞተሮች ወደ 2,000 ሰዓት ሲጠጉ ሙሉ እድሳት ይደረግላቸዋል። በየሲሊንደሩ ሁለት ሁለት ካንዴላ አለ፤ የሚያቀጣጥሏቸውም ባትሪ የማይፈልጉ ሁለት ማግኔቶዎች ናቸው፣ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲይዝ። ሴስና 172 የተባለችው ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን መጀመሪያ የበረረችው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ44,000 በላይ ተሠርታለች፣ ዛሬም ትሠራለች።

በመነሳት ላይ ሞተር ጸጥ የሚያሰኙት ነገሮች ብዙ ጊዜ ዕድሜ አይጠይቁም። ነዳጅ ውስጥ የገባ ውሃ አዲሱንም አሮጌውንም እኩል ያጠፋል። ስለዚህ ነው አብራሪው ከመነሳቱ በፊት ከክንፉ ሥር ጎንበስ ብሎ ትንሽ ነዳጅ በብርጭቆ መሳይ ዕቃ የሚቀዳው። ወደ ብርሃን ያነሳዋል። የትንንሽ አውሮፕላኖች ነዳጅ ሰማያዊ ቀለም አለው። ውሃ ካለበት ከሥር እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ወዲያ ወዲህ ይንከባለላል። ዶቃው ካለ ይደፋል፣ እንደገና ይቀዳል። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ሲያንቀላፋ ያደረ፣ ሰዓት የረፈደበት ሰው መጀመሪያ የሚዘለው ደግሞ ይህንኑ ነው።

ሁለት ሞተር ቢኖር ኖሮ? አብራሪዎች በዚህ ላይ አንድ የቆየ ቀልድ አላቸው። ሁለተኛው ሞተር አደጋው ቦታ ድረስ ያደርስሃል ይላሉ። ባለ ሁለት ፒስተን ሞተር ትንሽ አውሮፕላን አንዱ ሲጠፋባት የምታጣው ግማሽ አቅሟን ይመስላል። ከመውጣት አቅሟ የሚጠፋው ግን 80 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። በዚያ ላይ የቀረው ሞተር ወደ አንድ ጎን ይጎትታታል፤ ፍጥነቷ ከወረደ ይገለብጣታል። በደንብ ለሠለጠነ ሰው ሁለት ሞተር ሀብት ነው፣ አልክድም። ላልሠለጠነው ግን በባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ሞተሩ ጠፍቶበት ሜዳ ላይ ማረፍ ይሻለዋል።

ገንዘብና ሞተር ቢበዛ ኖሮ ለሚሉ ሌላም አለ። ግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. ቦስተን አጠገብ አንድ ጋልፍስትሪም የግል ጄት ለመነሳት ተንደረደረ። ሁለት የጄት ሞተር፣ ሁለት ልምድ ያላቸው አብራሪዎች፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ አስፋልት። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ደረሰ፣ አውሮፕላኑ ግን አልነሳ አለ። ቆሞ ሳለ ንፋስ መሪዎቹን እንዳያንገላታቸው የሚደረገው መቆለፊያ አልተፈታም ነበር። ከአስፋልቱ አልፎ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ተቃጠለ፤ ሰባት ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች የአውሮፕላኑን መዝገብ ወደ ኋላ ሲያገላብጡ ምን አገኙ? ከዚያ በፊት በነበሩት 175 በረራዎች፣ ከመነሳት በፊት የሚደረገው የመሪ ፍተሻ 98 በመቶው ላይ በሙሉ አልተደረገም። መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ማድረግ ነው። አሥር ሰከንድ።

የሚገርመው ስህተቱ አዲስ አለመሆኑ ነው። ጥቅምት 1935 እ.ኤ.አ. ቦይንግ ሞዴል 299 የተባለው ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን በዚሁ በመቆለፊያ ጉዳይ ተነስቶ ወዲያው ወደቀ። አብራሪዎች ዛሬ በወረቀት ይዘው መስመር በመስመር የሚያነቡት ዝርዝር ሥር የሰደደው ከዚያ አደጋ በኋላ ነው። 79 ዓመት ቆይቶ ወረቀቱ ኪስ ውስጥ እያለ ያው ስህተት ተደገመ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

ፓራሹቱን በተመለከተ እስማማለሁ ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ። ሙሉ አውሮፕላኑን የሚሸከም ፓራሹት ሲረስ የተባሉት አውሮፕላኖች ላይ አለ፤ ከ200 በላይ ሰዎችንም አትርፏል። ለመዘርጋት ግን ከፍታ ይፈልጋል። ቀጥ ብሎ በሚበርር አውሮፕላን ላይ እንኳ እንደ ሞዴሉ ከ400 እስከ 560 ጫማ ገደማ ይበላል። ጸሐፊው የሚያወሩላት አውሮፕላን 300 ጫማ ገደማ ላይ ነበረች። ፓራሹቱ ጥሩ ነገር ነው፣ ለዚህ አደጋ ግን አይደርስም።

ወደ ምርመራው። ትንንሽ አውሮፕላኖች አብዛኞቹ ብላክ ቦክስ የላቸውም፣ እንዲይዙም አይገደዱም። ስለዚህ መርማሪው የሚያነበው ብረት ነው። ፕሮፔለሩን ያያል። ምላጮቹ ተጠማዝዘው፣ ፊታቸው በአግድም ተፋፍቆ ከተገኘ ሞተሩ በጉልበት እየዞረ ነበር። አንደኛው ወደ ኋላ ተጣጥፎ ሌላው ቀጥ ብሎ ከቀረ መዞሩን አቁሞ ነበር። የማስጠንቀቂያ መብራቶቹን አምፖል በማጉያ ያያል፤ በግጭቱ ሰዓት በርቶ የነበረ አምፖል የውስጡ ክር ግሎ ስለነበር ይለጠጣል፣ የጠፋው ይበጠሳል። ነዳጁን ያስመረምራል፣ ካንዴላዎቹን ያወጣል፣ የጥገና መዝገቡን ያገላብጣል። ይህ በሳምንት አያልቅም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ የመጀመሪያ ሪፖርት በ30 ቀን፣ የመጨረሻው ደግሞ ከተቻለ በ12 ወር እንዲወጣ ይጠይቃል። የምርመራው ብቸኛ ዓላማም ሌላ አደጋ መከላከል እንደሆነ፣ ጥፋተኛ መፈለግ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል።

እውነት ነው፣ ሪፖርት የሚጓተትበት፣ ከዓመት በላይ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ጸሐፊው ይህን ቢወቅሱ አብሬያቸው እወቅሳለሁ። ግን ሪፖርቱ ገና ሳይወጣ የአብራሪውን ጥፋት ቆርጠው ከጨረሱት አንዱ ራሳቸው ናቸው።

ጸሐፊው ሳያውቁት የነኩት፣ ግን ያለፉት አንድ ነገር አለ። እርሻው ባይኖርስ ኖሮ? ከመንደርደሪያው ጫፍ ማዶ ቤት በቤት ላይ የተሠራባቸው ስንት ማረፊያዎች አሉ? እዚያ ላይ «ቀጥ ብለህ ሂድ» ማለት ለእኔም ይከብደኛል። ቁጣቸውን እዚህ ላይ ቢያውሉት ከፊርማ አሰባሳቢዎቹ የመጀመሪያው እኔ እሆን ነበር።

አሰልጣኜ መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆመን፣ ጋዝ ከመስጠታችን በፊት፣ ሁልጊዜ በመስታወቱ ወደ ፊት በጣታቸው ያሳዩኝ ነበር። «ዛሬ የምናርፈው የት ነው?» ይላሉ። እኔም አንድ ቦታ እመርጣለሁ። ከዛፎቹ በስተግራ ያለችውን ሜዳ፣ ወይም ከቦዩ ወዲህ ያለውን። «ጥሩ፣ እዚያ ነን» ይሉና ቀበቷቸውን አንዴ ጠበቅ ያደርጋሉ። ይህን ሲያደርጉ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆኗቸዋል። ስንነሳ ሞተር ጠፍቶብን አያውቅም። ሜዳዋን ግን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ልስላት እችላለሁ።